የልጆቻችን ጣፋጭ፦ ከዘወትር ወደ ጁሙዓ

  በዛሬው የጤናና አመጋገብ ዓምዳችን በየቤታችን፣ በየሱቁ ደጃፍና በየመድረሳው በር ላይ ዘወትር ስለምናየው አንድ ጉዳይ እንወያያለን። ጉዳዩ ልጆቻችን በየቀኑ የሚወስዱት ስኳር ነው።

ለመነሻ ያህል እስኪ ወደ ሁርሶ እንሂድ። ሁርሶ ከድሬዳዋ በስተምዕራብ፣ በቀድሞው የኢትዮ-ጅቡቲ ምድር ባቡር መስመር ላይ የምትገኝ ቆላማ ስፍራ ናት። ብዙ ሰው ስሟን የሚያውቀው በወታደር ማሰልጠኛዋ ነው። ፀሐይዋ ይበረታል፤ ልጅ ሲጫወት ውሎ ቶሎ ይጠማል። በዚያ ሙቀት ለልጅ ቀዝቃዛ ለስላሳ መግዛት የደግነት ሥራ ሆኖ ይታየናል።

አሁን በዚህች ስፍራ የሚኖር አንድ የሰባት ዓመት ልጅ በዓይነ ሕሊናችን እናስብ። ጠዋት ሁለት ማንኪያ ስኳር የገባበት ሻይ በዳቦ ይጠጣል። ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ በተሰጠው ሳንቲም ሁለት ከረሜላ ይገዛል። በእረፍት ሰዓት አንድ እሽግ ብስኩት ይበላል። ከሰዓት በኋላ አባቱና ጓደኞቹ በርጫ ላይ ተቀምጠዋል፤ እዚያ ብቅ ሲል ከአንዱ ጠርሙስ ለስላሳ ግማሹ ይቀዳለታል። ከቂርአት ሲመለስ አያቱ አንድ ሙሸበክ አስቀምጠውለታል። ማታም እንደ ትልቅ ሰው ሻዩን ከነስኳሩ ይጠጣል።

እንቁጠረው። የሁለቱ ጊዜ ሻይ 4 የሻይ ማንኪያ፣ ከረሜላው 2፣ ብስኩቱ 2፣ ለስላሳው 4፣ ሙሸበኩ 2። በግምት 14 የሻይ ማንኪያ ስኳር! ልብ በሉ፤ በዚህ ቀን ልጁ ከልክ በላይ በላ የሚል ሰው የለም። እናት የሰጠችው ሻይ ብቻ ነው። አባት የሰጠው ግማሽ ጠርሙስ ነው። አያት የሰጡት አንድ ፍሬ ነው። እያንዳንዱ ሰጪ ጥቂት ሰጠ፤ ድምሩን ግን የቆጠረ ሰው አልነበረም።

ልኩ ስንት ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ ትልቅም ሆነ ልጅ በቀን ከሚያገኘው ጠቅላላ ኃይል ውስጥ ከስኳር የሚመጣው ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ቢቻል ደግሞ ከ5 በመቶ በታች እንዲወርድ መክሯል። ይህ ቁጥር በማንኪያ ሲመነዘር ምን ያህል ነው? በቀን 1,400 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ለሚያስፈልገው ትንሽ ልጅ 10 በመቶው 35 ግራም ስኳር ይሆናል። አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ 4 ግራም ያህል ስለሚይዝ፣ ጣሪያው ወደ 8 ማንኪያ፣ የተሻለው ልክ ደግሞ ወደ 4 ማንኪያ ነው ማለት ነው። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ምክር፣ ከ2 እስከ 18 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን ከ25 ግራም (6 ማንኪያ) በታች የተጨመረ ስኳር እንዲወስዱ፣ ከሁለት ዓመት በታች ያሉት ደግሞ ምንም የተጨመረ ስኳር እንዳይሰጣቸው አሳስቧል።

አንድ 300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ የኮላ ጠርሙስ 32 ግራም ያህል ስኳር አለው። ይህም 8 ማንኪያ መሆኑ ነው። ለልጃችሁ በአንድ ብርጭቆ ሻይ ውስጥ 8 ማንኪያ ስኳር ብትጨምሩ ጎረቤት «ምን ነካሽ?» ብሎ ይቆጣል። በጠርሙስ ሲሆን ግን ቅዝቃዜውና ጋዙ ጣዕሙን ስለሚሸፍነው አይታወቀንም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። መመሪያዎቹ የሚቆጥሩት በሻይ፣ በከረሜላ፣ በብስኩትና በለስላሳ ውስጥ የሚጨመረውን ስኳር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ማርንና የፍራፍሬ ጭማቂንም ከዚሁ ጋር ይቆጥራል። ከነሥጋው የሚበላ ፍራፍሬና ወተት ግን በዚህ ቁጥር ውስጥ አይገቡም።

ስኳር ወደ ቤታችን እንዴት ገባ?

አያቶቻችን በልጅነታቸው ይህን ያህል ስኳር አያውቁም ነበር። ስኳር ከባሕር ማዶ የሚመጣ ውድ ሸቀጥ ነበር። በአገራችን ስኳር በፋብሪካ ተመርቶ በስፋት መሸጥ የጀመረው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ነው። ለስላሳውም ቢሆን ለድሬዳዋና ለአካባቢዋ እንግዳ አይደለም። የኮካ ኮላ ፋብሪካ አዲስ አበባ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1959 ከተቋቋመ በኋላ፣ ሁለተኛው የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1965 በድሬዳዋ ነው። በዚህ የሙቀት አገር ለስላሳ የእንግዳ መቀበያ፣ የሰርግና የበርጫ ማጀቢያ ሆኖ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይቷል። ስለዚህ ልማዱ ሥር ቢሰድ አይገርምም።

መንግሥትም በ2012 ዓ.ም. በወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ስኳርንና ለስላሳ መጠጦችን ኤክሳይዝ ታክስ ከሚከፈልባቸው ዕቃዎች ውስጥ አካቷል። ታክስ ዋጋ ይጨምራል። የቤታችንን ልማድ የምናስተካክለው ግን እኛው ነን።

ጥርስ ላይ ምን ያደርሳል?

በአፋችን ውስጥ ብዙ ዓይነት ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። ከእነርሱ አንዳንዶቹ ስኳር ሲያገኙ ይመገቡትና አሲድ ያመነጫሉ። ይህ አሲድ የጥርስን ውጫዊ ጠንካራ ሽፋን ያሟሟዋል። አላህ (ሱ.ወ) በፈጠረው ጥበብ ምራቃችን አሲዱን እያለዘበ የተጎዳውን ሽፋን መልሶ ያጠናክራል። ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ልጁ በየግማሽ ሰዓቱ ከረሜላ ከመጠጠ ወይም ለስላሳውን በጥቂት በጥቂቱ እየጎነጨ ከዋለ ምራቁ ጥገናውን ሳይጨርስ ሌላ አሲድ ይመጣበታል።

ስለዚህ የስኳሩ መጠን ብቻ ሳይሆን ስንት ጊዜ እንደሚወሰድም ትልቅ ልዩነት አለው። ይህ የታወቀው እ.ኤ.አ. ከ1945 ጀምሮ በስዊድን ቪፔሆልም በተባለ ተቋም በተካሄደ ጥናት ነው። ጥናቱ የተደረገው ፈቃዳቸው ባልተጠየቀ የአእምሮ ሕሙማን ላይ በመሆኑ በኋላ ዘመን በጽኑ ተወግዟል፤ ውግዘቱም ተገቢ ነው። የደረሰበት ውጤት ግን ግልጽ ነበር። ስኳር ከምግብ ጋር ሲወሰድ በጥርስ ላይ ያደረሰው ጉዳት አነስተኛ ሲሆን፣ የሚያጣብቅ ከረሜላ በምግብ መሐል ሲበላ ግን ጥርሶች በብዛት ተበላሹ።

ብዙ ወላጆች «የወተት ጥርስ ነው፣ ይረግፋል» ብለው ችላ ይላሉ። የወተት ጥርስ ግን ለቋሚው ጥርስ ቦታ ጠባቂ ነው። ያለ ጊዜው ከወለቀ ቋሚዎቹ ተጣመው ሊወጡ ይችላሉ። በተጨማሪም ልጁ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሞላው፣ ምንም ጥርስ ሳይረግፍ፣ ከወተት መንጋጋዎቹ ጀርባ አዲስ መንጋጋ ይወጣል። ይህ ጥርስ ቋሚ ነው፤ ከተበላሸ ምትክ የለውም። ከረሜላ በብዛት የሚበላበት ዕድሜም ይኸው ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት እዚህ ላይ ነው።

ለሕፃናት ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ስኳር የገባበት ሻይ፣ ጭማቂ ወይም ስኳር ውሃ በጡጦ አድርጎ ሕፃኑን ማስተኛት የፊት ጥርሶቹን ገና እንደወጡ ሊያበላሽ ይችላል፤ ምክንያቱም በእንቅልፍ ጊዜ ምራቅ ይቀንሳል፣ ስኳሩም ጥርሱ ላይ ተኝቶ ያድራል።

ሆድ ሞልቶ አካል ሲራብ

«የእኔ ልጅ ቀጭን ነው፤ ስኳር ምን ያደርገዋል? እንዲያውም ያወፍረዋል» የሚሉ እናቶች አሉ። ይህ አስተሳሰብ መታረም አለበት። በ2019 እ.ኤ.አ. በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት መሠረት፣ በኢትዮጵያ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት መካከል 37 በመቶ የሚሆኑት የመቀንጨር ችግር ነበረባቸው። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናትም ከ6 እስከ 59 ወር ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት 57 በመቶው የደም ማነስ ታይቶባቸዋል። ስኳር ለእነዚህ ችግሮች መድኃኒት አይሆንም። ስኳር ኃይል ይሰጣል፤ ፕሮቲን፣ ብረት፣ ዚንክና ቫይታሚን ግን የለውም። ትንሽ ሆድ ያለው ልጅ ከምሳ በፊት ለስላሳና ብስኩት ሲወስድ ይጠግባል። ምሳ ሲቀርብ «አልፈልግም» ይላል። የጎደለበት ወጡ፣ እንቁላሉ፣ ምስሩና አትክልቱ ነው። እናት ልጁ ምንም አልበላም ብላ ትጨነቅና ባዶ ሆድ እንዳይሆን እንደገና ብስኩት ትሰጠዋለች። አዙሪቱ በዚህ ይቀጥላል።

የሻይ ጉዳይ ደግሞ እጥፍ ነው። ሻይ ራሱ በምግብ ውስጥ ያለው ብረት በሚገባ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳል። ስለዚህ ለትንሽ ልጅ ከምግብ ጋር ሻይ መስጠት፣ ስኳሩ ቢቀነስ እንኳ፣ ለደም ማነስ ያጋልጣል። በምሥራቁ የአገራችን ክፍል የላምም ሆነ የግመል ወተት በገበያ ላይ አለ። ጠዋት ሻይን በተፈላ ወተት መተካት ብዙ ነገር ያስተካክላል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት

ከፅንስ ጀምሮ እስከ ሁለተኛ የልደት ቀን ያለው ጊዜ 1,000 ቀን ገደማ ነው። በዚህ ጊዜ የሚሰጥ ምግብ ለዕድሜ ልክ ምልክቱን ይተዋል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጋር ተያይዞ በእንግሊዝ አገር ስኳር በራሽን ይከፋፈል ነበር፤ ራሽኑ የተነሣው እ.ኤ.አ. በ1953 ነው። ራሽኑ እንደተነሣ የሕዝቡ የስኳር ፍጆታ በእጥፍ ገደማ አደገ። እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ የሆነ ጥናት፣ ከራሽኑ መነሣት ጥቂት ቀደም ብለውና ጥቂት ቆይተው የተፀነሱ ሰዎችን ጤና አነጻጽሯል። በእናታቸው ማሕፀንና በጨቅላነታቸው ስኳር በራሽን የነበረባቸው ሰዎች በጎልማሳነታቸው ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው 35 በመቶ ያህል፣ የደም ግፊት የመያዝ ዕድላቸው ደግሞ 20 በመቶ ያህል ቀንሶ ተገኝቷል። እነዚያ ሕፃናት ስኳርን ጨርሶ የተከለከሉ አልነበሩም፤ በልክ ብቻ ነበር ያገኙት።

ቅዱስ ቁርኣን በሱረቱል በቀራ እናቶች ልጆቻቸውን ሙሉ ሁለት ዓመት እንዲያጠቡ ይጠቁማል። የጤና ባለሙያዎችም እስከ 6 ወር የእናት ጡት ወተት ብቻ፣ ከዚያም ተጨማሪ ምግብ እየሰጡ እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ማጥባትን ይመክራሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ ከ6 እስከ 23 ወር ለሆኑ ሕፃናት በስኳር የጣፈጡ መጠጦች እንዳይሰጡ ይመክራል። ገንፎው ሲሠራም ስኳር አትጨምሩበት። ሕፃኑ ያለ ስኳር የቀመሰውን ጣዕም ይለምዳል። የማይጣፍጠው ለእኛ ነው።

ስለ ስኳር የሚነገሩ ሦስት ነገሮች

1. «ጣፋጭ የሚበላ ልጅ ወስፋት ይይዘዋል።» ወስፋት የሚመጣው በእንቁላሎቹ በተበከለ አፈር፣ ውሃ፣ ያልታጠበ እጅና ምግብ ነው። ስኳር ወስፋት አይፈጥርም። «የጥርስ ትል» የሚባለውም የለም፤ ጥርስን የሚቦረቡረው ከላይ የጠቀስነው አሲድ ነው።

2. «ስኳር ልጅን ያቅበጠብጣል።» ተመራማሪዎች ልጆችን ስኳር ያለበትና የሌለበት ምግብ እየሰጡ ሲያነጻጽሩ በጠባያቸው ላይ ልዩነት አላገኙም። ልጁ በሰርግ ላይ የሚሯሯጠው ሰርግ ስለሆነ ነው! ስኳርን የምንቀንስበት በቂ ምክንያት ስላለን በሌለ ምክንያት ልጁን ማስፈራራት አያስፈልገንም።

3. «ማር መድኃኒት ስለሆነ አይጎዳም።» ማር በሱረቱን ነሕል ለሰዎች ፈውስ ያለበት መሆኑ ተነግሯል፤ ይህን እናምናለን። ፈውስ ማለት ግን ያለ ልክ ይወሰዳል ማለት አይደለም። ማር ውስጥ ያለው ስኳር እንደማንኛውም ስኳር ጥርስን ይጎዳል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዕድሜው ከአንድ ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ማር በጭራሽ መስጠት የለበትም፤ ቦቱሊዝም የተባለ አደገኛ መመረዝ ሊያስከትል ይችላልና።

ከዘወትር ወደ ጁሙዓ

ታዲያ ምን እናድርግ? ጣፋጭን ፈጽሞ መከልከል አይሠራም። የተከለከለ ልጅ በጎረቤት ቤት ያገኘዋል፤ ሲያገኘውም ያለ ልክ ይበላዋል። በሱረቱል አዕራፍ አላህ (ሱ.ወ) መብላትንና መጠጣትን ፈቅዶ ማባከንን ነው የከለከለን። መንገዱ መካከለኛ ነው።

ቀደም ሲል የጠቀስነው የስዊድን ጥናት ውጤት ከታወቀ በኋላ የአገሪቱ የጤና ባለሥልጣናት ወላጆችን «ለልጆቻችሁ ከረሜላ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ስጡ» ብለው መከሩ። የተመረጠው ቀን ቅዳሜ ነበር። የቅዳሜ ከረሜላ እስከ ዛሬ በስዊድናውያን ቤት የታወቀ ልማድ ነው። ልጁ ቀኑን ያውቃል፤ ቅዳሜ እስኪደርስ ይጠብቃል፤ በየቀኑ መለመንና ማልቀስ ይቀራል።

ለእኛ ደግሞ ከቅዳሜ የተሻለ ቀን አለን። ጁሙዓ የሳምንቱ ዒዳችን ነው። ልጁ ታጥቦ፣ ንጹሕ ልብስ ለብሶ፣ ከአባቱ ጋር መስጂድ ሄዶ ሲመለስ፣ ከምሳው በኋላ ጣፋጩን ቢያገኝ ምን ያምራል! ጣፋጩ የጁሙዓ ደስታ አካል ይሆንለታል። ሁለቱ ዒዶች ሲመጡም ሐላዋውና ሙሸበኩ በደስታ ይበላል፤ በዚያን ቀን ልጅን መቆጣጠር አያስፈልግም። በየቀኑ የሚበላ ጣፋጭ የበዓል ጣዕም የለውም።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦

- መጀመሪያ በቤት ውስጥ ተመካከሩ። እናት ብቻዋን ከልክላ አባት በጓሮ የሚሰጥ ከሆነ ምንም ለውጥ አይመጣም።
- ለልጁ ቀድማችሁ ንገሩት። «ከዛሬ ጀምሮ ከረሜላና ለስላሳ የጁሙዓ ነው» በሉት። ሲለምን «አይሆንም» ከማለት «ጁሙዓ ኢንሻአላህ» ማለት ይቀላል። ጁሙዓ ሲደርስ ግን ቃላችሁን ጠብቁ።
- ጣፋጩ ከምሳ በኋላ በአንድ ጊዜ ይበላ፤ ቀኑን ሙሉ አይምጠጠው። በመጨረሻ አፉን ይጉመጥመጥ።
- የሻዩን ስኳር በአንድ ጊዜ አታቋርጡ። በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ቀንሱ። ምላስ በሳምንታት ውስጥ ይለምዳል። የቤቱ ሁሉ ሻይ አብሮ ይቀንስ፤ ልጅ የሚያየውን ነው የሚያደርገው።
- ለስላሳ ቤት ውስጥ አታከማቹ። የሌለ ነገር አይለመንም።
- በርጫ ላይ ለልጅ ከጠርሙስ አትቅዱ። ከተቻለ ያ ሰዓት የልጁ የጨዋታ ወይም የቂርአት ሰዓት ይሁን።
- ጣፋጭን ለቅሶ ማስቆሚያና የጉብዝና ሽልማት አታድርጉት። ሱራ ለሐፈዘ ልጅ ደብተር፣ ኳስ፣ ወይም ከአባቱ ጋር ወደ ድሬዳዋ መሄድ ከከረሜላ የበለጠ ይታወሰዋል።

በምትኩ ምን እንስጣቸው?

ደጉ ነገር፣ ያለንበት አካባቢ በጣፋጭ ፍራፍሬ የተባረከ መሆኑ ነው። ከሁርሶ ቀጥላ በባቡሩ መስመር ላይ የምትገኘው ኤረር በብርቱካኗ ትታወቃለች። ድሬዳዋ ገበያ ላይ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ዘይቱን፣ ጊሽጣ፣ ሙዝና ሐብሐብ እንደየወቅታቸው ይቀርባሉ። ከደጋው የሐረርጌ ክፍል በለስና ስኳር ድንች ይመጣል። ባቢሌ ደግሞ የኦቾሎኒ አገር ናት። በየወቅቱ የረከሰውን መግዛት ለኪስም ይበጃል። በየቀኑ ለከረሜላ፣ ለብስኩትና ለለስላሳ የምታወጡትን ለአንድ ሳምንት ጽፋችሁ ደምሩት፤ ስንት ፍራፍሬ እንደሚገዛ ስታዩ ትገረማላችሁ።

ሐብሐብ በተምር፦ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) እሸት ተምርን ከሐብሐብ ጋር ይመገቡ እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል። ሐብሐቡን በትናንሹ ቆራርጣችሁ ፍሬውን አውጡ፤ አንድ ወይም ሁለት ተምር ከትፋችሁ ደባልቁበት። በሙቀት ሰዓት ጥምም ይቆርጣል፣ የጣፋጭ አምሮትም ያረካል።

ተምር በኦቾሎኒ፦ የተምሩን ፍሬ አውጥታችሁ በቦታው የተፈጨ ኦቾሎኒ ሙሉበት። ለትምህርት ቤት መክሰስ ሁለት ፍሬ ይበቃል። ተምር ጥርስ ላይ ስለሚጣበቅ ከበሉ በኋላ ውሃ ይጠጡ።

የቀዘቀዘ ሙዝና ማንጎ፦ ማቀዝቀዣ ካላችሁ የበሰለ ሙዝ ወይም ማንጎ ቆራርጣችሁ አቀዝቅዙት። ከአይስክሬም የማይተናነስ ጣዕም አለው። ማቀዝቀዣ ከሌለ ፍራፍሬውን ከነልጣጩ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ጥላ ቦታ ማስቀመጥ ያበርደዋል።

እርጎ በፓፓያ፦ ስኳር የሌለበት እርጎ ላይ የተፈጨ ፓፓያ ወይም ሙዝ ጨምሩ። ለትንንሽ ልጆች ተስማሚ ነው።

ስኳር ድንች በወተት፦ ስኳር ድንቹን ቀቅላችሁ፣ ልጣችሁ፣ በትንሽ ወተት አድቅቁት። ውስጡ ብርቱካናማ የሆነው ዓይነት ለዓይን የሚጠቅም የቫይታሚን ኤ ምንጭ አለው።

ፈንዲሻ፣ የተቀቀለ ሽምብራ፣ እሸት በቆሎና ቆሎ፦ ስኳር ሳይጨመርባቸው ጥሩ መክሰስ ናቸው። ሆኖም ቆሎ፣ ፈንዲሻና ሙሉ የኦቾሎኒ ፍሬ ከአራት ዓመት በታች ላሉ ልጆች አይሰጥም፤ ትንታ ሊሆንባቸው ይችላል። ለእነርሱ ኦቾሎኒው ተፈጭቶ በስሱ ይቀባ። ኦቾሎኒ ስትገዙም የሻገተ፣ የጠቆረና የጨማደደ ፍሬ ልቀሙ። ሻጋታው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ይፈጥራል፤ ይህ መርዝ ደግሞ በመቁላት ሙሉ በሙሉ አይጠፋም።

ውሃ፦ ለጥም ከውሃ የሚተካከል የለም። የተፈላ ወይም የታከመ ውሃ በንጹሕ ዕቃ ለልጁ በሚደርስበት ቦታ አስቀምጡ። የሎሚ ቁራጭ ወይም የናና ቅጠል ቢገባበት ይጥመዋል።

ስለ ጭማቂ አንድ ቃል እንጨምር። ፍራፍሬ ሲጨመቅ ቃጫው ይቀራል፤ የሦስት ብርቱካን ስኳር በአንድ ብርጭቆ ይጠጣል። ጁስ ቤት ስትገቡም ስኳርና ሽሮፕ እንዳይጨመር ንገሩ፤ በስፕሪሱ ላይ የሚፈሰው ቪምቶም ስኳር ነው። በረመዳን ለማፍጠሪያ ተምርና ውሃ በቂ መጀመሪያ ናቸው። ጾም የሚለማመዱ ልጆቻችንም ከዚያ ጀምረው ወደ ሾርባውና ወደ ምግቡ ቢያልፉ ይሻላቸዋል።

የጥርስ ንጽሕና

ጥርስ ከወጣበት ቀን ጀምሮ መጽዳት አለበት። በቀን ሁለት ጊዜ፣ በተለይ ማታ ከመተኛት በፊት፣ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና ይቦረሽ። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ የሩዝ ፍሬ፣ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ላለው የአተር ፍሬ የምታህል ሳሙና ትበቃዋለች። ልጁ ሰባትና ስምንት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ወላጅ ያግዘው። መፋቂያ ደግሞ የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሱና ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ልማዱ ባለባቸው አገሮች አጠቃቀሙ እንዲበረታታ መክሯል። አባት ለሶላት ሲዘጋጅ መፋቂያውን ከልጁ ጋር ቢይዝ ልጁ ሳይነገረው ይማራል።

በልጁ ጥርስ ላይ ኖራ የመሰለ ነጭ ነጠብጣብ፣ ቡናማ ቀዳዳ፣ ወይም ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም ካያችሁ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ድድ ወይም ፊት ካበጠና ትኩሳት ካለ አንድ ቀን እንኳ አትዘግዩ። እንዲሁም ልጁ ከወትሮው በተለየ ውሃ ካበዛ፣ ሽንት ካመላለሰውና ከከሳ በዚያው ቀን ደሙ ይመርመር። ይህ የመጀመሪያው ዓይነት የስኳር በሽታ ምልክት ሊሆን ይችላል። ያ በሽታ ስኳር በመብላት የሚመጣ ስላልሆነ ወላጅ ራሱን አይውቀስ፤ ለሕክምናው ግን ይፍጠን።

ለአያቶችና ለኡስታዞች

ውድ አያቶች! ልጅ ልጆቻችሁ ሲመጡ ከቀሚሳችሁ ኪስ የምታወጡት ከረሜላ የፍቅራችሁ ምልክት መሆኑን እናውቃለን። እናንተ ባደጋችሁበት ዘመን ጣፋጭ ብርቅ ስለነበር ለልጅ የሚሰጥ ትልቅ ስጦታ ነበር። ዛሬ ብርቅ የሆነው ሌላ ነው። በእጃችሁ የተላጠ ብርቱካን፣ ከእናንተ ጋር የተፈለፈለ ኦቾሎኒ፣ ተረቱም ጭምር። ከረሜላውን ለጁሙዓ አቆዩት፤ ልጁ ጁሙዓን ከእናንተ ስም ጋር ያያይዘዋል።

ኡስታዞችና የመድረሳ ኃላፊዎችም ድርሻ አላችሁ። ለጎበዝ ተማሪ ከረሜላ የሚታደልበት መድረሳ ካለ በተምር ወይም በፍራፍሬ ሊተካው ይችላል። በበሩ ላይ ለሚነግዱ እናቶችም ከከረሜላው ጎን ሙዝ፣ የተቀቀለ ሽምብራና እሸት እንዲያቀርቡ ብታበረታቷቸው እንጀራቸው ሳይቋረጥ ልጆቹም ይጠቀማሉ።

ውድ አንባቢያን! መጀመሪያ ላይ ያየነውን የሁርሶ ልጅ መለስ ብለን እንየው። ጠዋት ወተት ጠጣ፤ በእረፍት ሰዓት ሙዝና ሁለት ተምር በላ፤ ሲጠማው ውሃ ጠጣ፤ ማታ ግማሽ ማንኪያ ስኳር ያላት ቀጭን ሻይ ከእራቱ ራቅ አድርጎ ቀመሰ። ከተጨመረ ስኳር የወሰደው አንድ ማንኪያ እንኳ አልሞላም። ለሳምንቱ ጣፋጭ ጁሙዓ አለለት። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ብዙ ገንዘብ አይደለም፤ ስምምነትና ትንሽ ትዕግሥት ነው። ልጆቻችን በእጃችን ያሉ አማናዎች ናቸው፤ ጥርሳቸውም፣ ሆዳቸውም፣ የሚለምዱት ጣዕምም።

በመጪው ጁሙዓ ጀምሩት። አላህ ያግራልን።